ጋሽ ደምሴ ውሃ መጠጣት ያቃታቸው ዕለት

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ልትፈርዱብኝ ትችላላችሁ። ፍረዱ። እኔም ከዚያን ዕለት ወዲህ በራሴ ላይ ስፈርድ ነው የምውለው። የምለምናችሁ ግን እስከ መጨረሻው እንድታነቡት ነው።

ስሜ ሰሚራ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ይዤ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው። በግራው ጆንያ፣ በቀኙ የፕላስቲክ ጀሪካን የሚያከፋፍሉ ነጋዴዎች አሉ፤ በራችን ላይ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ይወርዳል፣ ዕቃ ይጫናል። ባለቤቱ ሐጂ ሸምሱ የአባቴ የአገር ልጅ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ለሌላ ሥራቸው ክፍለ ሀገር ስለሚሄዱ ሱቁን ያለ እኔ የሚያውቀው አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከተመረቅሁ ወዲህ ፈረስ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ወቅቱን ግን ከገበሬው እኩል አውቀው ነበር። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የፈረስና የውሻ ክትባት ይፈለጋል። መስከረም ሲጠባ የሆድ ትል መድኃኒት። ጥቅምት ላይ ደግሞ ፈረሱን ሳያስከትብ የከረመ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ይመጣል፤ ዓይኑ አብጦ፣ በአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ በሁለት ቀን የሞተበትን ፈረስ እያወራ። እኔም «ሰኔ ላይ ቢመጡ ኖሮ» እላለሁ። ለመናገር ቀላል ነበር።

ጋሽ ደምሴ ሰኔን ከማያሳልፉት አንዱ ነበሩ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ናቸው፤ መንደራቸው አውቶቡሱ ከሚቆምበት ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ገበሬ ናቸው፣ ግን ከዓመታት በፊት አጭር ሥልጠና ወስደው የአገሩን ፈረስ፣ በቅሎና ውሻ የሚከትቡት እሳቸው ነበሩ። ሐኪም እዚያ ድረስ አይወጣም። በዓመት ሁለት ሦስቴ አውቶቡስ ተራ ይወርዱና፣ በጋቢ የተጠቀለለች የበረዶ ሳጥን በብብታቸው ይዘው፣ ተሸካሚውን እየሸሹ በእግራቸው ሱቃችን ይደርሳሉ።

«ዶክተሬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?» ይሉኛል በሩ ላይ ቆመው።

ዶክተር እንዳልሆንኩ ስንቴ ነገርኳቸው። «ለኔ ነሽ» ብለው ይዘጉኛል።

ያን ዕለት ማክሰኞ ነበር፤ ኅዳር ተጋምሷል። ረፋዱ ላይ ቀና ስል ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመዋል። ሳጥኗን አልያዙም። ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈውታል። ዶክተሬም አላሉኝም።

«ጋሽ ደምሴ! ምነው እንዲህ ከሱ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ልጄ። እጄን ይበላኛል። እስከ ትከሻዬ ድረስ ይነዝረኛል። ብርድ ሳይሆን አይቀርም።» አንገታቸውን አሻሹ። «የመጣሁት ግን ለራሴ አይደለም። ዳማው ሞተብኝ።»

ዳማውን አይቼው ባላውቅም አውቀዋለሁ። በመጡ ቁጥር ያወሩልኛል፤ ዳገት የማይበግረው፣ ጌታው ሲያዝን የማይበላው ፈረሳቸው ነው።

«መቼ?»

«በመስቀል ማግስት።»

«ያው የጥቅምቱ በሽታ ነው? ዓይኑ አብጦ ነበር?»

«ለሱማ ከትቤዋለሁ! ይሄ ሌላ ነው።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «መጀመሪያ የኋላ እግሩን ይጎትት ጀመር። ቀጥሎ መዋጥ አቃተው። ለሃጩ እንደ ገመድ ይወርዳል። ግርግሙን ይነክሳል፣ የገዛ ጉልበቱን ይነክሳል። ድንች ተሰንቅሮበት ይሆናል ብዬ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ጉሮሮውን ፈተሽኩት። ምንም የለም። ጥርሱ ብቻ ትንሽ ላጥ አደረገኝ። በአራተኛው ቀን ሞተ። አሁን ደግሞ የአንዱ ጎረቤቴ በቅሎ እንደዚያው ጀምሯታል። መድኃኒቱን ንገሪኝ ልል ነው የመጣሁት።»

የተማርኩት ገጽ ከነሥዕሉ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። ግን ልጠይቅ የፈለግሁት መልሱ «የለም» እንዲሆን ነበር።

«ጋሽ ደምሴ፣ ፈረሱን ውሻ ነክሶት ነበር?»

«አዎ፣ ነሐሴ ላይ የጎረቤቴ የአየለ ውሻ አፍንጫውን ነክሶት ነበር። ግን እሱን እንኳ አትጠርጥሪ። የተከተበ ነው። እኔው ነኝ የከተብኩት፤ ሰኔ ላይ ካንቺ በወሰድኩት።»

እዚህ ላይ ወደ ሰኔ ልመልሳችሁ።

በዚያ ሰኔ የእኛ መስመር ትራንስፎርመር ተበላሽቶ አራት ቀን መብራት አልነበረም። ሐጂ ሸምሱ ክፍለ ሀገር ነበሩ። ክትባቶቹ ያሉበትን ፍሪጅ ሁለት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ከሥሩ ውሃ ይፈስ ጀመር። በአራተኛው ቀን ከፍቼ ብልቃጦቹን ስነካቸው እንደ ሰው እጅ ሞቀው ነበር። ማድረግ የሚገባኝን አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግሩን ይህንኑ ነው። የሞቀ ክትባት ክትባት አይደለም፣ ይጣላል። እኔ ግን «ሐጂ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» ብዬ በሩን መልሼ ዘጋሁት። ማታውኑ መብራት መጣ። ጠዋት ብልቃጦቹ ቀዝቅዘው ነበር። ከመልካቸው ምንም የተለወጠ የለም።

በዚያው ጠዋት ጋሽ ደምሴ መጡ። የእብድ ውሻ ክትባት ፈለጉ። የለም ብላቸው ያንን ሁሉ መንገድ ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው፤ ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ምናልባት ደህና ይሆናል። ሰጠኋቸው። በረዶውን ሳጥናቸው ውስጥ ስሞላላቸው «መብራት ጠፍቶ ነበር ሲባል ሰማሁ፤ አስተማማኝ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይጠራጠሩ» አልኳቸው።

ያቺ ቃል ናት። ሌላ የሠራሁት ነገር የለም፤ እሷ በቃች።

አሁን በርጩማው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። «ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ውሻውስ የት አለ?»

«ፈረሱን በነከሰ ሰሞን ጠፋ። ጅብ በላው ብለን ተውነው።»

ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ጊዜ ለማግኘትም ጭምር ነው፣ ከጀሪካኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጉት። ከንፈራቸው ሳይነካ አንገታቸው ላይ ያሉት ጅማቶች ተወጠሩ። ጉሮሯቸው አንድ የተሰበረ ድምፅ አወጣ። እጃቸው ብርጭቆውን ከራሳቸው ገፍቶ ወረወረው፤ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ደንግጠው ተነሡ። ግድግዳው ላይ ተጣብቀው፣ መሬት ላይ የፈሰሰውን ውሃ እንደ እባብ ያዩታል።

ጥቂት ቆይተው፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ በጣም በቀስታ አንድ ስም ጠሩ።

«ጥሩወርቅ።»

«ማን ናት?»

«የአየለ ሚስት። ከሞተች ሁለት ሳምንት አልሞላትም።» ዓይናቸውን ከውሃው አላነሡም። «ጋኔን ነው ብለን ጠበል ወሰድናት። ጠበሉን ስታይ ትጮህ ነበር። ስትጮህ ‹ያው፣ ለፈለፈ፣ ሊወጣ ነው› እያልን አጥብቀን ያዝናት። እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይሄ የጥሩወርቅ ነገር ነው አይደል?»

ልዋሽ አልቻልኩም። «አዎ ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

ሱቁን ዘግቼ ኮንትራት ታክሲ ጠራሁ። ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ ነበር፤ ነፋሱ ፊታቸውን ሲነካው ጉሮሯቸው እንደገና ተጨመደደ። «ዝጋው! ዝጋው!» ብዬ ጮህኩ። ሻሼን ፈትቼ ፊታቸውን ሸፈንኩላቸው። በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ስናልፍ መኪናው በትራፊክ ተያዘ። በሻሹ ሥር «የት ደረስን?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ተሳለሙ።

ሆስፒታል ወዲያው ተቀበሉን። መጋረጃውን ጋርደው፣ መብራቱን ቀንሰው ለብቻቸው አስተኟቸው። አንዲት ወጣት ዶክተር መረመረቻቸውና ኮሪደሩ ላይ ወስዳ «ልጃቸው ነሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ።»

«እንግዲያው አላደክምሽም» አለች። «ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን ነገር የለንም። እንዳይሰቃዩ ማስታገሻ እንሰጣለን። አንድ ቀን፣ ምናልባት ሁለት። ቤተሰብ ካላቸው ዛሬውኑ ጥሪ።» ከዚያ እጄን አየች። «ምራቃቸው ነክቶሻል። አንቺም መከተብ አለብሽ።»

ነርሷ የኔን ክትባት ይዛ ስትመጣ ሳላስበው «ፍሪጃችሁ መብራት ጠፍቶበት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጀነሬተር አለው፤ ሙቀቱም በየቀኑ ይመዘገባል። ምነው?» አለችኝ። ክንዴን ዘረጋሁላት። መርፌው ሲገባ እንባዬ መጣ፤ ከሕመሙ መስሏት አጽናናችኝ።

ተመልሼ ስገባ ማስታገሻው ሠርቶላቸው ትንሽ ረገብ ብለዋል። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር። የዚህ በሽታ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው፤ አእምሮን እየወሰደ መልሶ ይሰጣችኋል።

«ምን አሉ?» አሉኝ።

«መድኃኒት የለውም አሉ፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያውቁት ነበር። ከዚያ ከሁሉ የፈራሁትን ጥያቄ አመጡት። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ውሻው የተከተበ ነው። በእጄ ነው የከተብኩት። ቆዳውን ስቼ ይሆን?»

ዝም ብል ኖሮ እንደዚያ እንዳሰቡ ይሞቱ ነበር። ጥፋቱ የገዛ እጃቸው መስሏቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበረከክሁ።

«አልሳቱም። ክትባቱ ነው። ያኔ መብራት አራት ቀን ጠፍቶ ክትባቱ ሞቆ ነበር። እያወቅሁ ሰጠሁዎት።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

ብዙ አዩኝ። ቢጮሁብኝ፣ ቢረግሙኝ፣ በእጃቸው ቢመቱኝ በወደድኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በኮሪደሩ የምግብ ጋሪ ሲያልፍ፣ ሰው ሲያስነጥስ እሰማ ነበር።

ሲዞሩ ፊታቸው የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። የጎበዝ የሥራ ሰው ፊት። «ስልክ ያዢልኝ። አየለ ጋ ደውዪ።»

«እኔ ልንገራቸው፣ እርስዎ አይድከሙ።»

«ከመርካቶ አንዲት ሴት ደውላ ብትነግራቸው ማን ያምናታል? ደውዪ አልኩሽ።»

ደወልኩ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው።

«አየለ፣ ደምሴ ነኝ። ዝም ብለህ ስማኝ፤ ጉሮሮዬ ሊዘጋ ይችላል።» አየር ሳቡ። «ጥሩወርቅን ጋኔን አልነበረም የያዛት። ውሻችሁ ነው። ነሐሴ ላይ ቁርጭምጭሚቷን ጫር አድርጓት አልነበር?»

የአየለ ድምፅ ለእኔም ይሰማል። «እሱማ ትንሽ ጫረት ናት፤ ደግሞ ከትበነዋል ብለኸን…»

«ክትባቱ አልሠራም። አየለ፣ እንዳታቋርጠኝ። አንተ አፏን ስትጠርግላት ነበር። ልጆቹም ስመዋታል። ዛሬውኑ ተነሡና ወደ ከተማ ውረዱ፤ እዚያ ከሌለ አዲስ አበባ ድረስ ኑ። ጠበሉ ላይ የያዟትን ሁሉ ንገር። በቅሎዋን ማንም እንዳይነካ። የቀሩትን ውሾች እሰሩ።» ከዚያ እኔ የሰጠሁትን ክትባት የወሰዱትን ውሾች ባለቤቶች በቃላቸው ይጠሩ ጀመር። ከላይኛው ሰፈር ጀምረው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ቤት በቤት። በመካከል ጉሮሯቸው ሲያንቃቸው ስልኩን አርቃለሁ፤ ሲለቃቸው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንድም ቤት አልዘለሉም።

በመጨረሻ አየለ «ክትባቱ ለምን አልሠራም?» አላቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «እሱን ሌላ ሰው መጥቶ ይነግራችኋል» አሉ።

«አንተስ? አንተ መቼ ነው የምትመጣው?»

«በላይነሽን ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ላካት» አሉና በዓይናቸው ዝጊው አሉኝ።

ይቅርታ እንዲሉኝ ጠበቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ የተቀመጥኩት እሳቸውን ለማስታመም ብቻ አልነበረም፤ ያችን ቃል ለመስማትም ነበር። አላሏትም። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ በረታ። የሚያዩት ዳማውን ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ዳገቱ አልቋል» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ በኋላ ማስታገሻውን ጨመሩላቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዐረፉ።

ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ የደረሱት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አውቶቡስ ተራ ወርጄ ተቀበልኳቸው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ያወቅኋቸው በጋቢያቸው ውስጥ ያዟትን ነገር አይቼ ነው፤ በቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ቅቤ። «ጉሮሮውን አመመው አሉኝ፤ ይሄ ያለሰልስለታል» አሉኝ። ከመነኻሪያው አጥር ሥር ቆመን ነገርኳቸው። መሞታቸውን ብቻ። አልጮኹም። ቅቤውን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንግዲህ ይህን ለማን ልስጠው?» አሉ። ከዚያ እኔን አቅፈው፣ ትከሻዬ ላይ «ልጄ፣ ብቻውን ስላልተውሽው እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሁለተኛው ጥፋቴ እሱ ነው።

ሐጂ ሸምሱ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀመጡ። በመጨረሻ ግን «ሰሚራ፣ የአላህ ውሳኔ ነው። ይህን ለሰው ብታወሪ የሞተ አይነሳም» አሉኝ። እኔ ግን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ በጽሑፍ አመለከትኩ። ጠየቁኝ፣ ጻፉ፣ መጥተው ፍሪጁን አዩ። አንድ ባለሙያ «ውሻው ከመከተቡ በፊት ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። ነገር ግን እርግጠኛ መሆን የማይቻለው እኔ እርግጠኝነቱን ስላጠፋሁት ነው። ሱቁን ለቀቅሁ።

አየለና ልጆቹ ተከትበው ደህና ናቸው። ጋሽ ደምሴ ያቺን ስልክ ባይደውሉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እላለሁ። ከዚህ ሌላ ደግ የምነግራችሁ ወሬ የለኝም።

እናንተ ምናልባት መድኃኒት አትሸጡ ይሆናል። ግን ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ፣ ከእኛ በቀር ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ነገር በእጃችን አለ። ወንበዴ ሆነን አይደለም የምናጠፋው። ሰው ከሚከፋው፣ የመጣው ባዶውን ከሚመለስ፣ አለቃ ከሚቆጣ ብለን፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ነው የምናጠፋው። እኔ «የለም» ማለት ነበረብኝ። ጋሽ ደምሴ ተቆጥተው፣ አንድ ቀን ባክኖባቸው፣ ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። ይኸው ነበር ጣጣው በሙሉ።

በቀጣዩ ሰኔ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ክትባቱን ከሌላ ቦታ፣ ሙቀቱ ሲመዘገብ የከረመ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ወሰድኩ፤ ለውሻውም ለፈረሱም። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ዋርካው ሥር ሕዝቡ ፊት ቆሜ ክትባቱ ለምን እንዳልሠራ ነገርኳቸው። ስሜን፣ የሠራሁትን፣ «አይጠራጠሩ» ማለቴን፣ ሁሉንም። ማንም አልሰደበኝም። አየለ ተነሥቶ ሄደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ። ውሻ በመንደሩ አልቀረም ነበር፤ ገድለዋቸዋል። ፈረስ ግን ነበር፤ ዳገቱ ላይ ሲግጡ ይታዩኛል። እስከ ከሰዓት ድረስ ሳጥኑን ከፍቼ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። አንድም ሰው ፈረሱን ስቦ አልመጣም። ጥቅምት ላይ ፈረሶቹ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ ሰዎቹም ያውቃሉ። ከኔ እጅ ከሚወስዱ ግን ያን መረጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ በላይነሽ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። በረዶው እየቀለጠ ነበር።

«ያን ዕለት መነኻሪያው ላይ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬ የተናገርሽውን አምኜሻለሁ» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ክትባትሽንም ማመን አይከብደኝም ነበር። ግን የሚከተብ ምንም የለኝም፣ ልጄ። ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»